ሦስት ጊዜ ማንኳኳት

ቁልፍ በእጁ ይዞ የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የምነዳለትን ሰው ወደ ሥራ ልወስደው መኪናዬን ደጃፉ ላይ ሳቆም፣ ዳቦ ገዝቶ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ቁልፉ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ጋ ደረሰና አንኳኳ። ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወት አየዋለሁ። ደግሞ አንኳኳ፤ ደግሞ ቆመ። ሦስተኛውን ሳይደርስ ባለቤቱ በሩን ከፈተችና ዳቦውን ከእጁ ነጥቃ፣ እሱን እዚያው ትታ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይምከሩልኝ እስቲ» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው። ትናንት እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጬ ብከፍትለት ‹ቀስ በይ፣ አትሩጪ፣ እጠብቃለሁ› አይለኝም? በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነብኝ እኮ።» ከዚያ ዳቦውን በመዳፏ መዘን አደረገችና «ይሄ ዳቦም ዋጋው እንዳለ ነው፣ እሱ ራሱ ነው እያነሰ የሄደው» ብላ ሳቀች። በአፏ ነው የሳቀችው። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

እኔ በቤቶች ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ለመንገድ ምልክትና ለጉዞ መዝገብ አላነሰኝም። ከሃያ ስድስቱ ዓመት አሥራ አንዱን የነዳሁት ይህንኑ ሰው ነው። ሥራው ከተማው የሚያከራያቸውን ክፍሎች መቆጣጠር ነበር። አንድ ክፍል ሰው አይኖርበትም የሚል ጥቆማ ሲመጣ ሄዶ ያንኳኳል። ሰው ካለ ሰው አለ ብሎ ይጽፋል። ከሌለ የለም ይላል፤ በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ክፍሉም ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ሦስቴ» ነበር የሚለው። «ሦስቴ መጣ፣ ቶሎ በሩን ዝጉትና ያንኳኳ!» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም ይስቃል። ምክንያቱም በየትኛውም በር ላይ ሦስት ጊዜ ሳያንኳኳና በየመሀሉ አንዲት ጸሎት ሳይደግም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን፣ ውሻ ቢጮኽበት አይሄድም።

ይህን ነገር ከተማረበት ኮሌጅ ነው ያመጣው። የክርስቲያን ኮሌጅ ነበር፤ ትንሽ፣ ግቢው በዛፍ የተሸፈነ፣ ተማሪው ራሱ ሳሩን የሚያጭድበት፣ ሳህኑን ራሱ የሚያጥብበት። መንገድ ሲዘጋጋብን ስለዚያ ግቢ ያጫውተኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት አጭር መምህርት ጥንድ ጥንድ አድርጋ ሽማግሌና በሽተኛ ቤት ትወስዳቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ዝናብ እየወረደ አንድ በር አንኳኩታ ቆመች። ልጆቹ ረጠቡ፣ አጉረመረሙ፣ «ሰው የለም፣ እንሂድ» አሉ። እሷ ዝም። ደግማ አንኳኳች፣ ዝም። በሦስተኛው በሩ ተከፈተ፤ አንድ አዛውንት መሬት ላይ ነበሩ፤ እየዳሁ ነው የመጡት። መምህርቷ ወደ ልጆቹ ዞር ብላ «ነገ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ያኔ ሕዝቡ እናንተ በር ላይ ይቆማል» አለቻቸው። «ዛሬ በሰው በር መቆምን ያልለመደ፣ ያን ጊዜ የሰው መቆም አይታየውም።» ከዚያ ያቺን ጸሎት አስጠናቻቸው። በአሥራ አንድ ዓመት እኔም በጆሮዬ ለምጃት በቃሌ ያዝኳት። «አምላኬ፣ ከዚህ በር ጀርባ ያለውን ሰው አንተ ታውቀዋለህ። እግሩን አበርታው። ጆሮዬን ክፈተው። ችኮላዬን ውሰድልኝ። እስኪመጣ ድረስ እዚሁ አቁመኝ።» ይህችው ናት። ቀስ ተብላ ነው የምትባለው።

እንግዲህ ስሙ እንዲህ ገነነ። የሌላ ተቆጣጣሪ ወረቀት ሲሆን ሁለተኛ ሰው ሄዶ ያጣራል። የእሱ ሲሆን ግን «የኮሌጁ ልጅ ነው የፈረመው» ይባልና እንዳለ ያልፋል። ደመወዙ ሳይጨምር ፊርማው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ በላይ ሆነ። በዚህ ክብር በኋላ ያለቀስኩትን ያህል በምንም አላለቀስኩም።

ዳቦውን የገዛበት ቀን አጣሪ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብበት ቀን ነበር። መኪና ውስጥ እንደገባ ስልኩ ጮኸ፤ ቀበቶውን እያሰረ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ኃላፊያችን ናት። «ስማ የኔ ወንድም» አለች በዚያ ጥድፊያዋ፣ «አንድ መስመር ናት። ‹በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ ጠብቄያለሁ›፤ ፈርም። ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል፣ ከሰኞ ጀምሮ መምሪያው ያንተ ነው። ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። ሰው እድሜውን ሙሉ የሚለምነውን ነገር እያስለመንከኝ ነው እኮ።» እሱ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለና ዘጋው። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ያቺ ልብስ ሰፊ ቤት ይውሰዱኝ» አለኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት በፊት «መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ሰው አይኖርበትም» የሚል ጥቆማ መጣና እዚያ ቤት ሄድን። ምድር ቤት ነው፤ ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለ አንድ ክፍል። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። እሱ ገባ፣ ወጣ፤ «ሰው የለም» ብሎ ጻፈ፣ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመብራቱ፣ የውኃው፣ የሁሉም ማስታወቂያ በዚያ በር ላይ ስለሚለጠፍ ጎረቤትም ልብ አላለውም። ከሰባት ሳምንት በኋላ ሠራተኞች ክፍሉን ለአዲስ ሰው ሊያስረክቡ በሩን ሲከፍቱ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እጅጌ ይሰፋሉ። «እኔ እኮ ከዚህ ወጥቼ አላውቅም» አሏቸው። ሠራተኞቹ ወረቀቱን አዩ። ወረቀቱ ባዶ ነው ይላል። ማን ፈረመ? ሦስቴ። በቃ አለቀ። ሦስቴ ከፈረመ ያን ቀን ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ሰው ካልነበረ ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ነው የገቡት። «ሰብራ የገባች ሕገ ወጥ» ተብለው ተጻፈባቸው። እሳቸውም «አንኳኩተው ነበር፣ እየመጣሁ ነበር፣ ሳልደርስ ሄዱ» እያሉ ማሉ፣ ተገዘቱ። ማን ሰማ? ሦስት ልጆች ካሏት እህታቸው ቤት መተላለፊያው ላይ ተኙ፤ በአራተኛው ወር ሞቱ። ይህን ሁሉ እኛ የሰማነው፣ ነርስ የሆነች ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጥታ አቤቱታ ስታስገባ ነው፤ ልክ የዛሬ ሦስት ሳምንት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ገልብጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ኮሪደሩ ውስጥ የታጠበ ልብስ ሽታና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ነበር። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። እሱ አንኳኳ፤ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። አሁን እዚያ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀለም በነካው ጣቷ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችን፣ መታወቂያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ልታስወጡኝ ነው?» አለች። «አይደለም እህቴ» አላት፣ «አንቺ በወረቀት ነው የገባሽው፣ ጥፋት የለብሽም። ወለሉን ብቻ ልይ።» ወለሉን ሲላት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ገፋ ብላ አስገባችን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስታወት፣ አንድ ፀጉር ማድረቂያ፣ ግድግዳው ላይ የሹሩባ ፎቶዎች። የእንጨቱ ወለል ቡኒ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ሥር ግን ከግራ ጥግ ተነሥተው ጎን ለጎን እስከ በሩ የሚመጡ ሁለት ጭረቶች አሉ፤ እንደ ትንሽ ሐዲድ። «ሁለቴ ቀባሁት» አለች ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለቴም ወጣ። አልጋዬን ከዚያ ጥግ አንስቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ትስቁብኛላችሁ።» የሳቀ የለም።

እሱ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጣቱ ነካው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በአቤቱታው ላይ እናቴ ዳሌዋን ታማ ስለነበር ወንበር ፊቷ አድርጋ እየገፋች ነበር የምትሄደው ብላ ጽፋለች። የወንበሩ የፊት እግሮች ናቸው እንግዲህ። ስንት ዓመት ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ። ተነሣና ከፀጉር ሠሪዋ የእንጨት ወንበር ተዋሰ። ጥጉ ላይ፣ አልጋው የነበረበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይውጡና በሩን ይዝጉት» አለኝ። «ከዚያ እንደኔ ያንኳኩ። ጸሎቷን ያውቋታል። አይቸኩሉ።» እኔ በሕይወቴ እንደዚያ መውጣት ያስጠላኝ በር የለም። ወጣሁ፤ ዘጋሁት፤ አንኳኳሁ።

አንደኛውን ደገምኩ። ከውስጥ ምንም የለም። ለካ የሚነሣ ሰው ድምፅ የለውም። ሁለተኛውን አንኳኳሁና «አምላኬ፣ ከዚህ በር ጀርባ ያለውን ሰው» ስል ጀመረ፤ ጭርርር፣ ዝም። ጭርርር፣ ዝም። እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በገዛ ዓይኔ ትቼው ነው የወጣሁት። ግን እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። «ጆሮዬን ክፈተው» የምትለው ጋ ስደርስ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ከዓመት በፊት፣ ያን ቀን፣ ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳይሆን አይቀርም ክላክስ ያደረግኩት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ የምበላበት ቤት ነበር፤ ምግቡ ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ትንሽ ከዘገያችሁ ድስቱ ተገልብጦ ነው የምታገኙት። ያን ቀን ርቦኝ ነበር። ሁለቴ ነው ክላክስ ያደረግኩት፤ ሁለተኛውን ረዘም አድርጌ። እሱም ወጣ። ደርሰን በላን። ጠግቤም ነበር፤ የአስተናጋጁን ቀልድ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ሦስተኛውን አንኳኳሁ። ጭረቱ እየቀረበ መጣ። «እስኪመጣ ድረስ» ስል ወንበሩ በሩን በእግሩ ነካው፣ እጀታው ዞረ፣ በሩ ተከፈተ። ፊት ለፊት ቆምን። ላብ አጥምቆታል። «ብጠብቃት ኖሮ ደርሳ ነበር» አለኝ። «ጋሼ፣ ደርሳ ነበር እኮ።» ከኋላው ፀጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ይዛለች። አንገቴን ደፋሁና ቀድሜው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከምሳ በኋላ በትልቁ ክፍል ነው። ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፋይሉን ያገላብጣል። ኃላፊያችን ከጎኑ ናት። ከጠረጴዛው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ የነርስ ጫማ ነው፣ ነጭ፣ ተረከዙ ያለቀ። እኔን የጠሩኝ የጉዞ መዝገቡን እንዳሳይ ነው፤ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው «መዝገቡ እዚያ ቤት አራት ደቂቃ ቆማችኋል ይላል፤ ሦስት ጊዜ ለማንኳኳት አይበቃም?» አለ፤ መልሱን ራሱ በእጁ አጉርሶት ነው የጠየቀው።

«ለማንኳኳት ይበቃል» አለ ሦስቴ። «ለመጠበቅ አይበቃም። አንዴ አንኳኩቼ ጠበቅኩ። ሁለተኛውን አንኳኩቼ ሳልጨርስ ሄድኩ። ሦስተኛውን አላንኳኳሁም።»

ኃላፊያችን እስክሪብቶዋን ጣለች። «ይቅርታ ሰብሳቢ፣ ሰውዬው ታሟል። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለውም፣ ሚስቱን መጠየቅ ይቻላል።» «አልታመምኩም» አለ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር፤ በሰው በር ላይ ሲቆም እንደሚናገረው። ያኔ ነው ልጅቷ መጀመሪያ ቀና ያለችው። ወደ ሰብሳቢው አላየችም። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለችው። «የእናቴ ወንበር ከመንገድ ይሰማል። ልጅ ሆኜ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ድምፅ ይስቅብን ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አልሰሙም?»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ስለ ማህተም ትጨቃጨቃለች። እኔ በልቤ አልሰማሁም በል፣ አልሰማሁም በል እላለሁ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ከላይኛው ፎቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ጮኻ ታለቅሳለች፣ ትሰድበዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንዳረጋገጡላት ሰው። ሰብሳቢው ቆይቶ «ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» አለው። እዚህ ላይ መዝገቡን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ሦስቴ ወደ እኔ ዞር አላለም፤ በዓይኑ ጫፍ እንኳን አላየኝም። «ቸኮልኩ» አለ። «ሌላ ምክንያት የለውም።» ልጆቼ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ስድስተኛ ክፍል የተማረ አፍ ነበረኝ፣ ዝም አልኩ።

ልጅቷ ቤቱን አልፈለገችም። «‹ሰብራ ገባች› የሚለውን አጥፉልኝ» ብቻ ነው ያለችው፤ «እናቴ የሰው በር ሰብራ አታውቅም።» ሰብሳቢው ቃሉን በቀይ ሰረዘና ከጎኑ ፈረመ፤ ቅጂውን ሰጧት፤ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ በእሱ አጠገብ አለፈች፤ ቆም ያለች መሰለኝ፤ ግን ሄደች። ከዚያ እሱ ከሥራ ታገደ፣ በአሥራ አንድ ዓመት የፈረማቸው ወረቀቶች በሙሉ እንዲጣሩ ተወሰነ። ኃላፊያችን ፋይሎቿን እየሰበሰበች «አንተ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት ያከበርንህ ለዚህ ነው?» አለችው። «ማክበራችሁ እኮ ነው የገደላት» አላት፤ ስድብ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር።

መኪና ውስጥ አስገብቼው ወደ ቤቱ ነዳሁ። ዕቃው አንድ ካርቶን ነው፤ ሁለት መጽሐፍ፣ ብርጭቆ፣ የቁጥጥር ቅጾች፣ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሏት የነበረች የኮሌጁ ፎቶግራፍ። በፎቶው ላይ አጭሯ መምህርት መሀል ቆማለች፤ ልጆቹ በሙሉ ከእሷ ይረዝማሉ። መብራት ሲያቆመን «ለምን አልተናገርክብኝም?» አልኩት። እኔ ራሴ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ፎቶውን እንደያዘ መንገዱን አየ። «እርስዎ ርቦዎት ነበር ጋሼ» አለኝ። «እኔ ግን ሰምቼ ነበር።» መብራቱ ለቀቀ። ከኋላ ያሉት መኪኖች በኔ ላይ ክላክስ ያወርዱት ጀመር፤ እግሬ ግን ለመንቀሳቀስ ጊዜ ወሰደበት።

ደጃፉ ስንደርስ ባለቤቱ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ በሩን ከፍታ ቆማለች። ካርቶኑን አየች። መጥታ በአንድ በኩል ያዘችለት፤ እንዳላንኳኳ ሁለቱም ሳያስተውሉ ገቡ። ቁልፉ ጣቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። እኔ ሞተሩን እንዳጠፋሁ ተቀመጥኩ። የጉዞ መዝገቡ አጠገቤ ወንበር ላይ ነው። ገለጥኩት፤ ከዓመት በፊት የነበረውን ገጽ አገኘሁት። መድረሻ፣ መነሻ፣ አራት ደቂቃ፤ በገዛ እጅ ጽሑፌ። ከእስክሪብቶዬ ጋር ታገልኩ፤ ፊደሌ ድሮም አያምርም። በጠርዙ ላይ «ሾፌሩ ርቦት ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከዚያ መኪናውን አዞርኩ።

መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሄዳለች፣ ወለሉ እርጥብ ነው። የሰብሳቢው ክፍል በር ዝግ ነው። መዝገቡን ብብቴ ሥር አድርጌ አንኳኳሁ። መልስ የለም። «ሄዷል፣ ነገ ትመጣለህ» አለኝ ውስጤ፤ እግሬም ግማሽ ዞሮ ነበር። ደግሜ አንኳኳሁና «አምላኬ፣ ከዚህ በር ጀርባ ያለውን ሰው» ብዬ ጀመርኩ። ከውስጥ ወንበር ተጎተተ፤ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ጸጥ።

ቆምኩ።